የበረዶው መንደርና የእናቴ ቤት ክዳን

(በማኅበራችን የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ "ውጭ ሄደህ ካየኸው ውስጥ አንድ ነገር አጫውተን፤ ግን ከሃያ ደቂቃ እንዳታልፍ" ብለውኛል። "ከማንቡክ የመጣው ወንድማችን ስለ በረዶ አገር ይነግረናል" ሲባል ከኋላ ወንበር የሳቃችሁትን ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም። የማንቡክን የመጋቢት ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ያስቃል።

ወደ በረዶው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የቆየ ዕዳ ልክፈል። አንደኛ ዓመት፣ ዶርም የገባን ዕለት፣ "አገርህ የት ነው?" ስትሉኝ "ቻግኒ" ብዬ ነበር የመለስኩት። ከእናንተ ውስጥ እስከ ምረቃችን ድረስ "ቻግኒ" እያላችሁ የጠራችሁኝ አላችሁ። ቻግኒ ግን መኪና የምቀይርበት ከተማ ነበር። ከቻግኒ ግልገል በለስ፣ ከግልገል በለስ ማንቡክ፤ እኔ የዚያ ልጅ ነኝ። የዋሸሁበት ምክንያት ቀላል ነው። ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው "እዚያ ደግሞ ሰው ደህና ቤት ሠርቶ ይኖራል እንዴ?" ብሎኝ ነበር። የእኛ ቤት ጎጆ ነበር፤ ግድግዳው ሽመል፣ ክዳኑ ሰንበሌጥ። ምን ብዬ ልመልስ? ዝም አልኩ። ማታ ዶርም ስገባ ደግሞ ዝምታው ውሸት ሆነ።

አሁን ወደ ጃፓን። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ለአጭር ሥልጠና ናጎያ ከተማ ነበርኩ። አንድ እሑድ ከሥልጠና ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን የአንድ ቀን የጉብኝት ትኬት ቆረጥን፤ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስ፣ አስጎብኚ ያለው አውቶቡስ። የምንሄደው ጊፉ በሚባለው ክፍለ ሀገር ተራሮች መሃል ወዳለው ሺራካዋ-ጎ ነው። አስጎብኚያችን ትንሽ ባንዲራ የያዘች ሴት ነበረች። ገና ስንነሳ "መመለሻችን ስምንት ተኩል ነው፤ ስምንት ከሠላሳ አንድ አይደለም" አለች፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ሁሉም ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

ናጎያ ላይ በረዶ የሚባል አልነበረም። ብርድ ብቻ። አውቶቡሱ ወደ ተራራው እየወጣ ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። ከዋሻዎቹ አንዱ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከዚያኛው ስንወጣ ዓለም ነጭ ሆኖ ጠበቀን። እናንተዬ፣ እኛ ለዚህ ነገር ቃል የለንም። ማንቡክ ላይ "በረዶ" ስንል በክረምት ከዝናብ ጋር ወርዶ ማሽላውን የሚቀጠቅጠው፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ነው። ይኼኛው ድምፅ የለውም። ዛፉ ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ መንገዱ ዳር ከሰው ቁመት በላይ ተከምሯል፤ ግን ሲወርድ አይሰማም።

መንደሩ ኦጊማቺ ይባላል። በተንጠልጣይ ድልድይ ሾ የተባለውን ወንዝ ተሻግረን ገባን። ቤቶቹን ሳይ ቆምኩ። የሣር ክዳን! ቁመታቸው ሦስትና አራት ፎቅ የሚያህል፣ ክዳናቸው ቀጥ ብሎ የወረደ የሣር ቤቶች። የቤቱ አሠራር ጋሾ-ዙኩሪ ይባላል፤ ለጸሎት እንደተገጠሙ ሁለት መዳፎች ማለት ነው። ክዳኑ ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል፤ በረዶው ተከምሮ ቤቱን እንዳይሰብረው እንዲንሸራተት ነው። የክዳኑ አጽም ሚስማር የለበትም። ምሰሶና ማገሩ በገመድና በለጋ ቅርንጫፍ ነው የሚታሰረው። ስለዚህ በረዶው ሲከብድና ነፋሱ ሲገፋ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም። እኔ ይኼን ስሰማ የአባቴን እጅ ነው ያየሁት። ልጥ በውኃ ነክሮ፣ ማገሩን ጥርቅም አድርጎ ሲያስር።

ከዚያ ለጎብኚ ክፍት ወደሆነ አንድ ትልቅ ቤት አስገቡን። ጫማ ማውለቅ ግድ ነው። መሃል ወለሉ ላይ ምድጃ አለ፤ እሳት ይነድበታል። የጭስ መውጫ የሚባል ነገር የለም። ጭሱ በየወለሉ እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣና በክዳኑ ውስጥ ይጠፋል። ላይኛው ቆጥ ላይ ድሮ የሐር ትል ያረቡ ነበር፤ ከምድጃው የሚወጣው ሙቀት ለትሉም ይጠቅማል። ቀና ስል ማገሩ በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። አስጎብኚያችን "ጭሱ ነፍሳትን ያባርራል፣ ሣሩንና ገመዱን ያደርቃል። እሳት የማይነድበት ቤት ክዳኑ ቶሎ ይበሰብሳል" አለችን። ሌሎቹ ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔ አሸታለሁ። ሽታው የእናቴ ቤት ሽታ ነው። አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቄ፣ በረዶ ላይ ቆሜ፣ የማንቡክ ምድጃ ሸተተኝ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ቀጥሎ የነገረችን ነው። ያ ክዳን ከ30 እስከ 40 ዓመት ያገለግላል። ሲያረጅ የአንዱን ቤት አንድ ጎን ለመክደን ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ ሰው ከወጣ በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ለዚህ የሚረዳዱበት ሥርዓት ዩኢ ይባላል። ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለእኔ። ማን ለማን ስንት ቀን እንደሠራ፣ ስንት ሣር እንዳመጣ ይመዘገባል፤ ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እኔ አላስቻለኝም፤ እጄን አውጥቼ "እኛም አለን" አልኩ። ወንፈልን አስረዳሁ። ከደቦ ልዩነቱን ጭምር፤ በደቦ ጠርተህ አብልተህ አጠጥተህ ታሠራለህ፣ በወንፈል ግን ቀን ትበደራለህ፣ ቀን ትከፍላለህ። ሴትዮዋ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ "ወንፈል" ብላ በራሷ ፊደል ጻፈችው። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ "አገርህ የት ነው?" ስባል "ማንቡክ" አልኩ። ጃፓን ሄጄ ማለቴ ነው፤ እዚህ ማለት ያቃተኝን።

ነገሩን ደግሞ ተረት አላደረገችውም። አሁን ብዙውን ክዳን ባለሙያዎች በክፍያ እንደሚሠሩት፣ መንግሥትም ወጪውን እንደሚደጉም ነገረችን። በ1961 እ.ኤ.አ. ከወንዙ በላይ ትልቅ ግድብ ተሠርቶ መንደሮች በውኃ ተውጠዋል፤ ሌሎቹም ቤቶች እየተሸጡና እየፈረሱ ሲሄዱ የኦጊማቺ ነዋሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ሦስት ቃል ተስማሙ፤ አይሸጥም፣ አይከራይም፣ አይፈርስም። በ1995 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። ዛሬ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ያያቸዋል። በዚያው አገር ሰሜን፣ ሆካይዶ ላይ፣ በረጋ ሐይቅ ላይ በየብርዱ ወራት ከበረዶ ብቻ መንደር የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉም አጫወተችን፤ ሙቀት ሲመጣ ይቀልጣል፤ በዓመቱ እንደገና ይሠራሉ። "የሚቀልጠውን መሥራት ቀላል ነው፤ የሚኖርበትን ማቆየት ነው ከባዱ" አለች። ስምንት ተኩል ላይ አውቶቡሱ ተነሳ። አንድም ሰው አልቀረም።

ማንቡክ ስመለስ እናቴ አንድ ነገር ነበር የጠበቀችኝ። ቆርቆሮ። "ልጄ ከውጭ ሲመጣ ቆርቆሮ ያለብሰኛል" ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። እኔ ደግሞ የበረዶው መንደር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቷል። "እማዬ፣ ይኼን ክዳን እኮ ሰው ከፍሎ ነው የሚያየው!" አልኳት። "ይምጣና ይየው፤ ሲያፈስ ግን እኔ ነኝ የምረጥበው" አለችኝ። ምስጡን ማን ይጠብቃል? ሰንበሌጡን ማን ያጭዳል? አንተ አገር ለአገር ስትዞር ማን ይከድናል? ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩ፤ ማለቴ፣ እሷ ተወችልኝ።

በዓመቱ፣ በ2011 ጥር፣ ወንፈል ወጣ። ያን ቀን የነበሩትን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሃያ ሦስት ሰው። ጉሙዝ፣ አገው፣ ሺናሻ፣ አማራ፣ ኦሮሞ። ሽመሉን ሰንጥቆ በመሥራት የሚስተካከላቸው ያልነበረ አንድ የጉሙዝ አባት ነበሩ፤ ማገሩን እሳቸው ናቸው የመሩት። ሲመሽ ቤቱ እንደ አዲስ ሙሽራ ሆኖ ነበር። ፎቶውን ለእናንተ ለባቹ ልኬላችሁ ነበር፤ "ሎጅ ከፈትክ እንዴ?" ብላችሁኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መተከል ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ለፖለቲካው አይደለም የቆምኩት። በ2013 ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ የወጣበት ጊዜ ነው። እናቴም ወጣች፤ ቻግኒ ዘመድ ቤት ተጠጋች። አያችሁ? ያን ጊዜ የዋሸሁበት ከተማ የእናቴ መጠለያ ሆነ።

ስትመለስ ቤቷ አልተቃጠለም ነበር። እግዜር ይመስገን ብለን ገባን። ግን ክዳኑ በስብሷል። ወራት እሳት ያልነደደበት ቤት ነዋ! የሺራካዋዋ ሴትዮ ያለችው ነገር እፊቴ ቆመ። ወንፈል ልናወጣ ስም ስንቆጥር ከሃያ ሦስቱ ሰባት ብቻ ቀርተዋል። የቀሩት የት እንዳሉ የማናውቃቸው አሉ፤ በሕይወት የሌሉም አሉ። የነበሩትም ቢሆኑ አንዱ ያንዱን ዓይን አያይም።

ቆርቆሮ ገዛሁ። ሁለት አናጢ በሁለት ቀን መታው። ሚስማር ጎረቤት አይጠይቅም። እናቴ ቆርቆሮዋን ስታይ ትደሰታለች ብዬ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ግን "ድምፁ አያስተኛኝም፤ ደግሞም ሰው ሳይመጣ ያለቀ ቤት ነው" አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔ ጃፓን ላይ ሣሩን ነበር ያየሁት። እዚያ ያቆዩት ግን ሣሩን ብቻ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት እኒያ ሽመል አዋቂ አባት ተመለሱ። ቤታቸው የለም። እናቴ ማንንም አላማከረችም፤ "ቀን አለብን" አለችኝ። "የእኛን ቤት ሲከድኑ የዋሉትን ቀን አልከፈልንም። ሂድ፣ ሰንበሌጥ እጨድ" አለችኝ። አጨድኩ። በመጀመሪያው ቀን አራት ሰው ነበርን። በሁለተኛው አሥራ አንድ ሆንን። ከመጡት ሁለቱ ከ2013 ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። አንዱ ክዳኑ ላይ ወጣ፣ ሌላው ከታች ሣር የሚያቀብል ሆነ። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ዝም ማለት አይቻልም፤ "አምጣ"፣ "ያዝ"፣ "ትንሽ ወደ ግራ" ማለት ግድ ነው። እሱን ተባባሉ። ታረቁ አልላችሁም። ክዳኑ ግን አለቀ፤ ማታም እሳት ነደደበት።

የምጠይቃችሁ መዋጮ አይደለም። ይኼ ማኅበር በየዓመቱ የጉብኝት ጉዞ ያደርጋል፤ ጣናን አይተናል፣ ላሊበላን አይተናል። ለሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ማንቡክን እንድታስቡ ነው። በረዶ የለንም። ማንጎ ጥላ፣ የዳንጉር ተራራ፣ የሽመል ቤት፣ የለውዝ ቆሎ አለን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድሜ አጣርቼ እደውልላችኋለሁ፤ ሳላጣራ ኑ አልላችሁም። አስጎብኚው እኔ ነኝ፤ ባንዲራ እይዛለሁ። ከመጣችሁ ደግሞ የማንንም ቤት በር ሳታስፈቅዱ አትክፈቱ፤ ሰው የሚኖርበት ነው። የሚከደን ቤት ካለም ግማሽ ቀን ሣር ታቀብላላችሁ። ቀኑ ይመዘገብላችኋል።

እና ከእንግዲህ "ቻግኒ" አትበሉኝ። የማንቡክ ልጅ ነኝ።