የተጎዳ ትከሻን የሚሸፍኑ ጡንቻዎች



በጎንደር ዙሪያ፣ ከቀሐ ወንዝ ማዶ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ሁለቱ እጆቹ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። አንደኛው እርፉን ወደ ታች ይጫናል፤ ሁለተኛው ጅራፉን ወደ ላይ ያነሳል። ጅራፍ ያነሳ የነበረው ቀኝ ትከሻው በመውደቅ ቢጎዳ፣ ሕመሙ በረድ ሲልለት ጅራፉን ወደ ግራ፣ እርፉን ወደ ቀኝ አዛውሮ እርሻውን ይቀጥላል። ጎረቤቱም፣ ወጌሻውም፣ እርሱም ራሱ «ድኗል» ይላሉ። ዳሩ ግን እርፍ የሚጫነው በደረትና በጀርባ ሰፋፊ ጡንቻዎች፣ እንዲሁም ክርንን በሚዘረጋው ትራይሴፕስ ነው። ክንድን የሚያነሱት ጡንቻዎች፣ ማለትም የተጎዱት፣ ሳይጠየቁ ይቀራሉ።

ክንድ ከጎን ተነስቶ ከራስ በላይ እስኪደርስ ከሚጓዘው 180 ዲግሪ ውስጥ 120 ያህሉ ከትከሻው መጋጠሚያ፣ 60 ያህሉ ደግሞ ከጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት መዞር እንደሚገኝ ኢንማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት ጥናት አመልክተዋል። ዴልቶይድ ክንድን ሽቅብ ሲስብ፣ ሮታተር ካፍ የሚባሉት አራት ጡንቻዎች የክንዱን አጥንት ራስ በቦታው ይይዛሉ። እነዚህ ሲበጠሱ የአጥንቱ ራስ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ትራፔዚየስም ትከሻውን ወደ ጆሮ ይሰቅላል፤ ወገብም ወደ ሌላው ጎን ይጋደላል። ትከሻ ወልቆ የዴልቶይድ ነርቭ የተጎዳ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በሽተኛው ማንም ሳያስተምረው መዳፉን ወደ ውጭ ያዞርና ባይሴፕስን ለማንሳት ይጠቀምበታል። ሰውነት በዚህ ረገድ እጅግ ብልህ ነው፤ መርማሪውን እስከ ማታለል ድረስ።

ይሁን እንጂ ማካካሻ ሁሉ ጠላት አይደለም። ሮታተር ካፋቸው በሰፊው ለተበጠሰና ለቀዶ ሕክምና ላልታሰቡ አዛውንት፣ የፊተኛውን ዴልቶይድ ማጠንከር ራሱ ሕክምና ነው። ነርቡ ሊያገግም ለሚችል ወጣት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሚመለሰው ጡንቻ ሥራ ካልተሰጠው፣ ባይሴፕስ የለመደውን ቦታ አይለቅለትም።

የፊዚዮቴራፒ የዲግሪ ትምህርት በኢትዮጵያ በመጀመሪያ በተከፈተባት በጎንደር ለሚሠራ ባለሙያ፣ ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በሽተኛው ሸሚዙን ያውልቅ፤ ከበስተጀርባው ይታይ፤ የመርማሪው እጅ በትከሻው አጥንት ላይ ይረፍ። ገበሬ ከሆነም «ታርሳለህ ወይ?» ተብሎ ብቻ አይጠየቅ፤ በየትኛው እጁ ጅራፍ እንደሚያነሳ፣ ከመውደቁ በፊትስ በየትኛው ያነሳ እንደ ነበር ይጠየቅ።