የእርሻ ዕቃ እንጨት አመራረጥና አቆራረጥ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርሻ ዕቃችን እንጨት ነው።

ዝናቡ ጣለ፣ አፈሩ ራሰ፣ በሬ ተጠመደ እንበል። ገና ጥቂት ትልም እንዳወጣን ድግሩ ቀጭ ብሎ ቢሰበርስ? በሬዎቹን ፈትተን፣ መጥረቢያ ይዘን ዱር እንገባለን። ያገኘነውን ርጥብ እንጨት ቆርጠን በችኮላ እንጠርባለን። እሱም ፀሐይ ሲነካው ይሰነጠቃል። በሬ የምናቀናጅ ከሆንን ደግሞ ተራችን ያልፋል። የጎረቤት ማሳ ታርሶ የእኛ ጦም ያድራል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ ጊዜ በጠራቢው እናሳብባለን። ነገር ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ዛፉን ስንመርጥና ስንቆርጥ ነው።

ማረሻውና ወገሉ ብረት ናቸው። የቀረው አብዛኛው እንጨት ነው። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት እንጨት አይፈልግም። ሞፈር 3 ሜትር ያህል ይረዝማል። የበሬው ጉልበት ሁሉ የሚያልፈው በእሱ ስለ ሆነ ረጅም፣ ጠንካራና አንጓ የሌለበት መሆን አለበት። ቀንበር በበሬው ጫንቃ ላይ ይውላል። ስለዚህ ቀለል ያለ፣ ሲላግ የሚለሰልስ እንጨት ይሻላል። ከባድና ሻካራ ቀንበር ጫንቃ ይልጣል። ድግር ግን ቀኑን ሙሉ ከአፈርና ከድንጋይ ጋር ይታገላል። እሱ የሚፈልገው ከሁሉ የጠነከረውን ነው። ለዚህ ነው አባቶቻችን ለድግር ወይራንና ግራርን የሚመርጡት።

ወይራን የማያውቅ ገበሬ የለም። ቅጠሉ ጠበብ ያለ ነው። በላይ በኩል ያብለጨልጫል፣ በታች በኩል ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ያደላል። ግንዱ ሲቆረጥ ዳሩ ነጣ፣ ልቡ ጠቆር ይላል። ለድግር የሚፈለገው ይህ ጠቆር ያለው ልቡ ነው። ቀጭኑ ለጋ ቅርንጫፍ ግን አብዛኛው ነጩ ስለ ሆነ ቶሎ ያልቃል።

ወይራ ሁሉ ደግሞ ለድግር አይሆንም። መጥረቢያ ከማንሣታችን በፊት ዛፉን ዞር ብለን እንየው። አንደኛ፣ ልጡን እንመልከት። የልጡ መስመር እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ከሆነ ውስጡም የተጠማዘዘ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል። ሁለተኛ፣ አንጓውን እንቁጠር። እንጨት የሚሰበረው ብዙ ጊዜ አንጓው ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ግንዱ ላይ የዛፍ እንጉዳይ በቅሎ እንደሆነ እንይ። ከበቀለ ውስጡ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። አራተኛ፣ በመጥረቢያው ጀርባ መታ መታ እናድርገው። ደህና እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ውስጡ ባዶ ነው።

መቼ እንቁረጥ? የሚሻለው በበጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ። በክረምት የተቆረጠ እንጨት በርጥበቱ ይሻግታል፣ ተባይም ቶሎ ይገባበታል። በኅዳር የቆረጥነው ግን የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ የመድረቂያ ጊዜ ያገኛል። ደግሞም በበጋ ሥራው ቀለል ይላል፣ አስቦ ለመምረጥም ፋታ አለ።

እንዴት እንቁረጥ? ለአንድ ድግር ብለን ሙሉ ወይራ መጣል ጥፋት ነው። የሚበቃ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ካለ እሱን እንቁረጥ። መጀመሪያ ከታች በኩል ትንሽ እንከርክም፣ ከዚያ ከላይ እንቁረጥ። ይህን ካላደረግን ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገፎ ይወስዳል፣ ዛፉም በቁስሉ ይበሰብሳል። ግንዱን መቁረጥ ግድ ከሆነ ጉቶውን ውኃ እንዳይቋጥር ዘንበል አድርገን እንቁረጠው። ወይራ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ግን ፍየል ከቀጠፈው ተስፋ የለውም። ስለዚህ በእሾህ እንጠረው። ጽድን ግን አንድ ጊዜ ከቆረጥነው ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ይህን አውቀን እንጠንቀቅ።

እንጨቱ ቤት ከደረሰ በኋላስ? «ሳይደርቅ በርጥብ» ይባል የለ? ወይራ ከደረቀ መጥረቢያ ያዶለዱማል። ስለዚህ ገና ርጥብ ሳለ ልጡን ልጠን፣ ከመካከሉ ሰንጥቀን፣ ከሚፈለገው ወፈር አድርገን እንጥረበው። ሲደርቅ ስለሚኮማተር የመጨረሻውን ቅርጽ ኋላ እናወጣለታለን። ሁለቱን ጫፎች በእበት ወይም በጭቃ እንለስናቸው። እንጨት በጫፉ በኩል ቶሎ ስለሚደርቅ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፀሐይ ላይ አንጣለው። ምስጥ እንዳይበላው ከመሬት ከፍ አድርገን ጥላ ሥር እናኑረው። ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ ቢሰቀልም ጢሱ ተባዩን ያርቅለታል።

አሁን ፊደል ማወቃችን እዚህም ይጠቅመናል። በከሰል የዛፉን ስምና የተቆረጠበትን ወር እንጨቱ ላይ እንጻፍበት፤ «ወይራ፣ ኅዳር» ብለን። በሚያዝያ የትኛው እንደ ደረቀ፣ የትኛው ገና እንደሆነ ማንም የቤቱ ሰው አንብቦ ያውቃል። ድግሩ ስንት ክረምት እንዳገለገለም ቆጥረን እንደርስበታለን። የትኛው ዛፍ እንደሚሻል የሚነግረን ይኸው የራሳችን ጽሑፍ ነው።

አንድ ነገር ይቀረናል። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዛሬ የምንቆርጠው አያቶቻችን ሳይቆርጡ የተዉልንን ነው። በብዙ ቦታ ወይራ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በገደል አፋፍ ብቻ ነው። እኛም እንደ ልባችን ከቆረጥን ልጆቻችን በምን ያርሳሉ? ለሞፈር ባሕር ዛፍም ይሆናል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ ብዙ ዱር አትርፎልናል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ከጉቶውም ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ውኃ ስለሚጠጣ ከምንጭና ከማሳ ርቆ ይተከል። ወይራውን ደግሞ ለድግር ብቻ እንቆጥበው፣ ለማገዶም አንፍጀው።

ከጋራ ደን ለመቁረጥ ስናስብ አስቀድመን ፈቃድ እንጠይቅ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ስማቸውን ጠርቶ ከልክሎ ነበር። ይህ የሆነው ዛፎቹ እያለቁ ስለ መጡ ነው።

እንግዲህ በመጪው ኅዳር፣ አዝመራው እንደ ተሰበሰበ፣ እያንዳንዳችን አንድ ትርፍ ድግር ቆርጠን ቆጥ ላይ እንስቀል። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በድንበራችን ላይ አንድ የወይራ ችግኝ እንትከል፤ ከፍየልም እንጠብቀው። ያን ጊዜ ድግር ቢሰበር እንኳ በሬ ሳይፈታ ይውላል።