የነዳጅ ጉድጓድ መግለጫና የምርት መዝገብ



አነስተኛ የነዳጅ ፍለጋ ኩባንያ በአብዛኛው የሚኖረው ዘይት ሸጦ ሳይሆን አክሲዮን ሸጦ ነው። ስለዚህ ዜና ለእርሱ ሸቀጥ ነው። ይህን ስል ሁሉም ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም። መግለጫው ብዙ ጊዜ ቃል በቃል እውነት ነው፤ ችግሩ አድማጩ ከተጻፈው በላይ መስማቱ ነው።

ሀብሩ ውስጥ ነዳጅ አይወጣም፤ ጉድጓድ ግን ይቆፈራል። በቆቦ-ጊራና ሸለቆ በጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚያለማ ገበሬ፣ ቆፋሪው ለሁለት ለሦስት ቀን በፓምፕ ሞክሮ በወረቀት ያሰፈረው መጠንና ጉድጓዱ ከዓመታት በኋላ በግንቦት ሐሩር የሚሰጠው መጠን አንድ ሊሆኑ እንደማይችሉ ማንም ሊነግረው አያሻም። ሽንኩርቱን የተከለው በመጀመሪያው ቁጥር ተማምኖ ከሆነ ኪሳራው የእርሱ ነው።

የነዳጁም ነገር ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ቱሎው ኦይል፣ አነስተኛውን የካናዳ ኩባንያ አፍሪካ ኦይልን ጨምሮ ከአጋሮቹ ጋር፣ በደቡብ ኦሞ ሳቢሳ 1 የተባለውን ጉድጓድ ሲቆፍር የሃይድሮካርቦን ምልክት ማየቱን አስታወቀ። ምልክት ማለት ከጉድጓዱ በሚወጣው ጭቃና የድንጋይ ፍርፋሪ ውስጥ የዘይት ወይም የጋዝ ዱካ ታየ ማለት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የተቆፈረው ቱቱሌ 1ም ለምርት የሚበቃ ዘይት አልሰጠም።

ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ደረጃ መውጣት መጀመሩ ተበሰረ፤ የተጠቀሰው መጠን በቀን 450 በርሜል ነበር። አንድ በርሜል 159 ሊትር ስለሆነ ይህ 71,500 ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት ቦቴ ያህል። «በሙከራ» የሚለው ቃል በዜናው ውስጥ ነበር፤ በደስታው መካከል ጠፋ። የካሉብንና የሂላላን ልማት የያዘው ፖሊ ጂሲኤል እ.ኤ.አ. በ2013 የፈረመውን ውል መንግሥት በ2022 ሰረዘው። እስከዚያ ድረስ ለገበያ የበቃ መደበኛ የድፍድፍ ምርት አልታየም።

ጉዳዩን በሒሳብ እንየው። አንድ ጉድጓድ በመጀመሪያው ቀን 1,000 በርሜል ሰጠ እንበል። ይህን የሰማ ሁሉ በ365 አባዝቶ በዓመት 365,000 በርሜል ይጠብቃል። አርፕስ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው የምርት መቀነስ ቀመር፣ ሃርሞኒክ በሚባለው ዓይነቱ፣ የመነሻው ቅነሳ በወር 20 በመቶ ቢሆን በዓመቱ መጨረሻ ዕለታዊው ምርት ወደ 294 በርሜል ይወርዳል፤ የዓመቱ ድምርም 186,000 ገደማ ይሆናል። ግማሹ ማለት ነው። የመንገዱና የብድሩ ዕቅድ ግን በ365,000 ተሠልቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚያጋልጠው ወርኃዊው የምርት መዝገብ ነው። የአሜሪካው ኖርዝ ዳኮታ ግዛት የእያንዳንዱን ጉድጓድ ምርት በየወሩ ያወጣል። በቴክሳስ መዝገቡን የሚይዘው፣ ስሙ ግር ቢያሰኝም፣ የባቡር ሐዲድ ኮሚሽኑ ነው። እዚያ ዘይት የሚመዘገበው በጉድጓድ ሳይሆን በሊዝ ይዞታ ስለሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አዲስ ጉድጓድ በተጨመረ ቁጥር የይዞታው ድምር ከፍ ይልና የአሮጌዎቹ መድከም ይሸፈናል። ድምሩን ለጉድጓዶቹ ቁጥር ማካፈል የሚረሳ ተንታኝ የኩባንያው ቃል አቀባይ ሆኖ ያርፋል።

በእኛው ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ፣ ዘይት ከምድር እንደሚንጠባጠብ በሥነ ምድር ጽሑፎች ሰፍሯል። ዘይቱ እውነት ነው፤ መንጠባጠቡ ግን ስለ ክምችቱ መጠን አይናገርም። አንድ ቀን ፈቃድ የያዘ ኩባንያ ቁጥር ይዞ ሲመጣ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የምትቀመጡት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የገበሬው የመሬት ካሳም የወጣቱ የሥራ ተስፋም በዚያ ቁጥር ይወሰናል። ሙከራው ስንት ሰዓት ቆየ? ፍሰቱን የሚቆጣጠረው ቾክ ምን ያህል ተከፍቶ ነበር? ሰፋ አድርጎ ከፍቶ ለጥቂት ሰዓት ትልቅ ቁጥር ማስመዝገብ ይቻላልና። ግፊቱ ሲጀመር ስንት ነበር፣ ሲያበቃስ? ከወጣው ፈሳሽ ውሃው ስንት እጅ ነው? የስድስተኛውን ወር ምርት የሚመዘግበው ማን ነው፣ መዝገቡንስ ማን ማየት ይችላል?

አሁን ወደ እናንተ ጥያቄዎች እንለፍ።