ለሴት ልጅም ሜዳ ይሰጣት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንዲት የይፋግ ተወላጅ ተማሪ ያደረገችው ንግግር)



ስለ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን እንድናገር በታዘዝኩ ጊዜ አንድ ወዳጄ፣ «ለምን ስለ ሮለር ደርቢ አትነግሪንም?» ሲል ቀለደብኝ። ሰዎች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው ግን ቀልዱ ቁም ነገር ያለው ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ሮለር ደርቢ ማለት ባለ ጎማ ጫማ የተጫሙ ሁለት ቡድኖች በሞላላ መሮጫ ላይ የሚገጥሙት ጨዋታ ነው። ከየቡድኑ አምስት አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከአምስቱ አንዷ ነጥብ አግቢ ስትሆን የቀሩት አራቱ በትከሻና በወገብ እየገፉ የባላጋራን ነጥብ አግቢ ያግዳሉ፤ ለራሳቸው ልጅ ደግሞ መንገድ ይከፍታሉ። ጨዋታው በ1935 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ተጀምሮ ኋላ ቢዳከምም፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ ሴቶች እንደገና አነሡት። በ2011 እ.ኤ.አ. በካናዳ በቶሮንቶ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ሲደረግ 13 አገሮች ቡድን ላኩ፤ በ2014 በዳላስ ሲደረግ ቁጥራቸው 30 ደረሰ። ከእነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ በጨዋታው ደመወዝ የላቸውም። ቀን በሥራቸው ውለው ማታ ይለማመዳሉ፤ ማኅበራቸውንም የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ይፋግ ላይ ሮለር ደርቢ እናቋቁም ብል ዕብደት ይሆናል። በእኛ ዘንድ ለስላሳ መሬት ቢኖር የባሕር ዳርና የጎንደር አስፋልት ነው፤ እሱንም አይሱዙና ባጃጅ ይዘውታል። ከእነዚያ ሴቶች የምንማረው ግን ስለ ጎማው አይደለም። የምንማረው፣ ብሔራዊ ቡድን ከላይ በትእዛዝ እንደማይወለድ፣ ሴቶች መሰብሰቢያ ሥፍራና ጥቂት ሰዓት ያገኙ እንደሆነ ግን ከታች እንደሚበቅል ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የሴቶች የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን «ሉሲ» ይባላል፤ ስሙም በ1974 እ.ኤ.አ. በአፋር በሐዳር ከተገኘችው፣ እኛ ድንቅነሽ ከምንላት የመጣ ነው። ይህ ቡድን በ2004 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በናይጄሪያ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ለሦስተኛነት ከጋና ጋር ገጥሞም በፍጹም ቅጣት ምት ተረትቶ 4ኛ ሆነ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢኳቶሪያል ጊኒ ድረስ ሄዶ ከምድቡ ሳያልፍ ተመለሰ።

ወንዶቻችን በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ መውሰዳቸውን በዚያ ጊዜ ያልተወለደው ሁሉ ያወራዋል። መኵራቱም ይገባል። የሴቶቹን አራተኛነት ግን እስከ ዛሬ ማታ ታውቁ የነበራችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። (እጃቸውን ያወጡት ጥቂቶች ነበሩ።)

አያችሁ፤ ነቀፋ አይደለም፤ እኔም ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ ባሕር ተሻግራ በስዊድንና በማልታ ክለቦች ተጫውታለች። ልድያ ታፈሰ ለ2015ና ለ2019 እ.ኤ.አ. የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ነበረች። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 እ.ኤ.አ. የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ በሞሮኮ የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ላይ ተሰልፏል። ይህ ሁሉ ሲሆን ይፋግ ያለች የአሥር ዓመት ልጅ ስማቸውን አልሰማችም።

አሁን ስለ አገሬ ልናገር። ይፋግ ጥንት የጎንደር ነጋዴ አሞሌ ጨው ይዞ የሚያርፍባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ዛሬ ከእኛ በታች እስከ ወረታና እስከ ጣና የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የሩዝ አገር ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። በበጋ ደግሞ ዋልካው እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል። የሩዝ አረም በእጅ የሚታረም በመሆኑ የሴቱም የልጁም ወገብ የሚጎብጠው በዚያ ነው። ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃው፣ ኩበቱ፣ ታናሽ ወንድሟ ይጠብቋታል። ወንዱ ልጅም ከብት አለበት፤ ነገር ግን ከብት እየጠበቀ ኳስ መምታት ይችላል። እንስራ ተሸክሞ ኳስ የሚመታ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

አምስተኛ ክፍል ሳለን ከወንዶቹ ሁሉ በሩጫ የምትቀድም አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን ኳስ ሠራን። ትምህርት ቤቱ አንድ እውነተኛ ኳስ ነበረው፤ ብንጠይቅ፣ «ለእናንተ የሚዘለል ገመድ አለላችሁ» ተባልን። ሜዳውም የወንዶች ስለነበር ከአጥሩ ጀርባ ተጫወትን። እናቴ አንድ ቀን አይታኝ፣ «ልጄ፣ እግርሽ ቢሰበር ማን ውሃ ይቀዳልኛል?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ እውነቷን ነበር። ጓደኛዬ ግን ሰባተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ተዳረች። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ እሷ 18 አልሞላትም ነበር። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ልጇን አዝላ ሩዝ ስታርም አገኘኋትና ስንሳሳም የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «ያቺ ኳሳችን የት ደረሰች?» የሚል ሆነ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ እዚህ መቆሜም ስለዚያ ጥያቄ ነው።

አንዳንዶች፣ «ይህ የባህላችን ነገር ነው፤ የሠለጠነው ዓለም ግን ሴቱን አልከለከለም» ይላሉ። የእግር ኳስ አገር በምትባለው በእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበሩ በታኅሣሥ 1921 እ.ኤ.አ. ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ የአባል ክለቦቹን ሜዳ ከለከላቸው፤ ክልከላውም ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ። ልብ በሉ፤ ኳሱን አልቀማም፤ የቀማው ሜዳውን ነው። ሜዳ ከተከለከለ የቀረው ሁሉ በራሱ ጊዜ ይሞታል። እንግዲህ ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እነሱ ካስተካከሉት ደግሞ እኛም እናስተካክለዋለን።

ሌሎች፣ «ለጤና ጣቢያና ለመጽሐፍ ያልበቃ ገንዘብ ለኳስ ይውላል ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በበኩሌ ግን የምጠይቀው ስታዲየም አይደለም። ሜዳውም ኳሱም አሉ፤ የጎደለው በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ለሴቶቹ ይሁን የሚል ሰው ነው። ደግሞም በየሳምንቱ ቡድኗ የምትጠብቃት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትቀር የሚጠይቅላት አላት። ጓደኛዬ በቀረች ጊዜ አሥር የቡድን ጓደኞች መጥተው «የት ሄደች?» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ሽማግሌዎቹም ሁለት ጊዜ ባሰቡ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንዳንድ ኳስ ይዘን እንግባ፤ ለዚህም ከመዋጮው ጥቂት ይመደብ። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱን ዲሬክተር አነጋግረን ሜዳው በቀን ተከፍሎ ለሴቶችም እንዲደርስ እንጠይቅ፤ ከወንዶቹ እንንጠቅ አላልኩም፣ እንካፈል ነው። ሦስተኛ፣ ከሁሉ አስቀድመን እናቶችን ቡና ላይ እናነጋግር። የእናቴን ጥያቄ ሳንመልስ ብናልፍ ሥራችን ከንቱ ነው። ወንድሞቼ ሆይ፣ መልሱ በእናንተ እጅ ነው፦ በእነዚያ ሁለት ቀኖች ውሃውን ወንድሟ ይቅዳ! (ሳቅና ጭብጨባ)

በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ይልከው ነበር። እኔ የምለምናችሁ ዓመት ሙሉ አይደለም፤ የዕረፍት ጊዜያችሁን ጥቂት ከሰዓት በኋላዎች ነው።

ከይፋግ ለሉሲ ተጫዋች ትገኛለች ብዬ ቃል አልገባም። ቃል የምገባው፣ በመጪው በጋ ወደ ጓደኛዬ ቤት ኳስ ይዤ እንደምሄድ ነው። ለእሷ ቢዘገይም፣ የበኵር ልጇ ሴት ናት።