ገበጣን በኮድ መጫወት
አቅራቢ 1፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በበይነ መረብ ስለሚሰጥ፣ የቦሩ ሜዳ ተማሪ ደሴ ሳይወርድ ሊከታተለው ይችላል፤ ጀማሪው ትምህርቱን ይበልጥ የሚጨብጠው ግን ትንሽ ጨዋታ ሲሠራ ነው።

አቅራቢ 2፦ ለዚህ ገበጣ ይመቻል፤ 12 ጉድጓድና በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ያለው ዓይነት ቢመረጥ፣ ሰሌዳው ቁጥሮችን በተርታ በሚይዝ ማከማቻ፣ ማለትም በ«ዝርዝር»፣ ይወከላል፤ ጠጠር ማደሉ ደግሞ ትእዛዝን በሚደጋግም «ዙር» ይፈጸማል።

አቅራቢ 1፦ ይሁንና ብዙዎቹ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ከ0 ስለሚቆጥሩ የመጨረሻው ጉድጓድ 11 ይሆናል፤ 12ን የሚፈልግ ፕሮግራም ስሕተት አመልክቶ ሊቆም ይችላል።

አቅራቢ 2፦ መፍትሔው ቁጥሩን ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ነው፤ 12 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 0 ስለሆነ ጠጠሩ ወደ መነሻው ይዞራል። የገበጣ ሕግ እንደየአካባቢው ስለሚለያይ ግን፣ ሠሪው ኮድ ከመጻፉ በፊት የሰፈሩን ሕግ በወረቀት ቢያሰፍር ይሻላል።