የገጠሩ አገልጋይና የድንቹ ሻጋታ



ስለ ሰብል በሽታ ከመነጋገራችን በፊት የአንድ ሰው ታሪክ እናነሣለን። ማይልስ ጆሴፍ በርክሊ እ.ኤ.አ. በ1803 በኖርዝአምፕተንሻየር ተወልዶ፣ ከ1833 ጀምሮ አፐቶርፕና ውድ ኒውተን በተባሉ መንደሮች የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ገቢው ትንሽ፣ ልጆቹ ብዙ ስለ ነበሩ በቤቱ ተማሪዎችን እያሳደረ ያስተምር ነበር። በተረፈችው ሰዓት ሻጋታና እንጉዳይን በማይክሮስኮፕ ይመረምራል።

በ1845 የአውሮፓ የድንች ማሳ በጥቂት ቀናት ይጠቁር፣ ከመሬት የወጣውም ድንች ይበሰብስ ጀመር። ከድንች በቀር ምግብ ባልነበረው በአየርላንድ ድሃ ላይ የወረደው መከራ የታወቀ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ የማያንስም ተሰደደ። የገዢዎች ቸልተኝነትም ድርሻ ነበረው፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ንግግር ይሻል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙዎች የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አሉ። ስመ ጥሩው የዕፀዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ ደግሞ ዝናቡና ብርዱ ተክሉን አበሰበሰው፣ ሻጋታው በኋላ የመጣ ነው ይል ነበር።

በርክሊ በ1846 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ገለበጠው። በማይክሮስኮፕ እንዳየው ሻጋታው በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ያድጋል፤ ስለዚህ ብስባሹን ያመጣው እርሱ ነው። ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ በእርግጥም ማስረጃው ገና ሙሉ አልነበረም። በሙከራ ያረጋገጠው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ሲሆን፣ እርሱም በ1861 ነው። በርክሊ እስከ 1889 ስለ ኖረ ይህን ለማየት በቃ። የዛሬ ሊቃውንት ያንን ተሕዋስ ከእውነተኛው የፈንገስ ወገን አይቆጥሩትም፤ ይህ ግን የበርክሊን ምርመራ ዋጋ አያሳንሰውም።

ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው በ1858 ጀርመናዊው ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል። ያው በሽታ፣ ገበሬው ምች የሚለው፣ ዛሬ በደጋችን ክረምት ከክረምት ይመላለሳል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ገበሬ በክረምት ድንች መትከልን ይሸሻል። ምእመኑ የጠቆረ ቅጠል ይዞ ወደ አጥቢያችን ሲመጣ ጸሎቱን እናደርሳለን፤ ቅጠሉንም ገልብጠን እናያለን። በጀርባው ነጭ ሻጋታ ከታየ በዚያው ቀን የግብርና ባለሙያውን እንጥራ፤ ርጥበት ካገኘ ማሳውን ለመጨረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ከታመመ ማሳ የወጣ ድንችም ለከርሞ ዘር እንዳይቀመጥ እንንገራቸው፤ በሽታው በዚያው ድንች ውስጥ ይከርማልና።