ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማን ይረዳዋል?

(ለመሠረተ ትምህርት አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በደብረ ማርቆስ፣ በማቻከል፣ በደጀን፣ በቢቸና፣ በሞጣና በአካባቢው ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ አዝመራው እንዴት ነው? ከብቱስ ደህና ነው?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጆቻችሁ ነው። ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ አድርጉ። መጨረሻ ላይ የምንጽፈው ነገር አለ።

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው ሲባል ቤቱ ደስ ይለዋል። ዘመድ ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል። እናት በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ታዘጋጃለች። አባት በግ ሸጦ መሳፈሪያ ይሰጣል። ልጁ አውቶቡስ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወሬው በስልክ ብቻ ይሆናል። «እንዴት ነህ ልጄ?» ሲባል፣ «ደህና ነኝ እማዬ» ይላል።

ግን ሁልጊዜ ደህና ነው ወይ? አንዳንዱ ይታመማል። አንዳንዱ ትምህርቱ ይከብደዋል። አንዳንዷን ልጅ የሚያስቸግራት ሰው ይኖራል። አንዳንዱ ደግሞ ለደብተር መግዣ ያጣል። ወላጆቼን አላስጨንቅም ብሎ ዝም ይላል። ኋላ አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። የአሥራ ሁለት ዓመት ድካም እንዲሁ ይቀራል።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩን የሚሰማ ቢሮ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። ልጁ አልጠየቀም፤ ወላጁም እንዲጠይቅ አልነገረውም። ስለዚህ ዛሬ እነዚያን ቢሮዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተማሪን መርዳት ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን አስቡ። ቅኔ ሊማር ከሩቅ አገር የመጣ የቆሎ ተማሪ በእነዚህ አገሮች ጎጆ ቀልሶ ይቀመጥ ነበር። ምግቡን ከመንደሩ ያገኛል። ሲታመም ጓደኞቹና የኔታ ያውቃሉ። ተማሪው ብቻውን አልነበረም ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲም ነገር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ መንደሩ ሲሰጥ የነበረውን አሁን ቢሮዎች መስጠታቸው ነው።

ቀድሞ የጎጃም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ከአገሩ ርቆ ይሄድ ነበር። አሁን ደብረ ማርቆስ ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ሆኖም የደብረ ማርቆስ ልጅ ሁሉ ደብረ ማርቆስ አይማርም። ተማሪዎችን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። አንዱ ጅማ ይደርሰዋል፤ ሌላው ሐሮማያ። የአንዱ ግቢ ከሌላው በጥቂት ነገር ይለያያል። ዋና ዋናዎቹ ቢሮዎች ግን በየግቢው ይገኛሉ።

አንደኛው የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ነው። ይህ ቢሮ የተማሪውን ኑሮ ይመለከታል። መኝታ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ ምክር፣ ክበባት፣ ይህ ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ልጃችሁ «የት ልሂድ?» ብሎ ግራ ከገባው፣ መጀመሪያ ወደዚህ ይሂድ። እናንተም ልጃችሁ ጠፍቶባችሁ ብትጨነቁ የምትጠይቁት ይህንኑ ቢሮ ነው።

ሁለተኛው መኝታ ቤት ነው። ተማሪዎቹ «ዶርም» ይሉታል። ሕንፃው ቁጥር አለው፤ «ብሎክ» ይባላል። ክፍሉም ቁጥር አለው። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪዎች አብረው ያድራሉ። የመኝታ ቤቱን ሥርዓት የሚጠብቀው ሠራተኛ ፕሮክተር ይባላል። ቁልፍ ቢጠፋ፣ ዕቃ ቢሰረቅ፣ ጠብ ቢነሣ፣ ሌሊት ሰው ቢታመም፣ መጀመሪያ የሚነገረው ለፕሮክተሩ ነው።

ሦስተኛው ምግብ ቤት ነው። ተማሪው የምግብ ካርድ ይሰጠዋል። በካርዱ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። ሕመም ኖሮበት አንዳንድ ምግብ የማይስማማው ተማሪ የሐኪም ወረቀት ይዞ ያመልክት። ዝም ብሎ ጦሙን አይደር።

አራተኛው ክሊኒክ ነው። በግቢው ውስጥ ነርስና ሐኪም አለ። ከአቅሙ በላይ የሆነውን በሽተኛ ክሊኒኩ ወደ ሆስፒታል ይልካል። ለዚህም ወረቀት ይጻፋል። ልጃችሁ ያንን ወረቀት ይያዝ። በሕመም ምክንያት ፈተና ቢያመልጠው ማስረጃው እሱ ነው። የአስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ደግሞ ገና ሲገባ ለክሊኒኩ ይናገር። ለመኝታ ጓደኞቹም ቢነግር ይጠቅመዋል።

አምስተኛው የምክር አገልግሎት ነው። ይህን በደንብ አድምጡኝ። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ምግብ መተው፣ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት፣ እነዚህ ሕመም ናቸው። ስንፍና አይደሉም። ልጁ ጠገበም አይባልም። በግቢው ውስጥ ለዚህ የተማረ አማካሪ አለ። ልጁ የነገረውን ለሰው አያወራም። እንዲህ ያለ ነገር ከልጃችሁ አፍ ስትሰሙ አትቆጡ። «ነገ ይሻልሃል» ብላችሁም አትለፉት። «ዛሬውኑ ወደ አማካሪው ሂድ፣ ጓደኛህን ይዘህ ሂድ» በሉት። ለጓደኛውም ደውሉለት። ጠበል ይጠመቅ የምትሉ ወላጆች ትኖራላችሁ። ይጠመቅ፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን አያቋርጥ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶቻችን ያለ ነገር አልተናገሩም።

ስድስተኛው የትምህርት አማካሪ ነው። ለተማሪዎቹ ከመምህራኑ መካከል አማካሪ ይመደብላቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ውጤት የሚቆጠረው ከ4 ነጥብ ነው። ለመመረቅ ቢያንስ 2 ነጥብ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም።

ትምህርቱ ብዙ ልጆችን መክበዱን አገሩ ሁሉ አይቷል። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መቶ ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ሬሜዲያል» የሚባል የማካካሻ ትምህርት መጥቷል። የማለፊያውን ነጥብ ካላገኙት ውስጥ የተመረጡት ይህን ተምረውና ተፈትነው ወደ መደበኛው ትምህርት ያልፋሉ። ስለዚህ ልጃችሁ በመጀመሪያው መንፈቅ ዝቅተኛ ውጤት ቢያመጣ «አዋረድኸኝ» አትበሉት። «መምህርህን ጠየቅህ ወይ? የማጠናከሪያ ትምህርት አለ ወይ?» በሉት። የተሰደበ ልጅ ሁለተኛ ውጤቱን አይነግራችሁም። ያልተነገራችሁን ደግሞ አታቃኑትም።

ሰባተኛው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ይህን ያዙልኝ። መምህር ቢሆን፣ ተማሪ ቢሆን፣ ሠራተኛ ቢሆን፣ ልጅቱን የሚያስቸግራት ሰው ካለ የምታመለክተው እዚህ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይኸው ቢሮ ለሴቶች የማጠናከሪያ ትምህርት ያዘጋጃል። በጣም ለተቸገሩትም ጥቂት ድጋፍ ይፈልግላቸዋል። ጥቃት የደረሰባት ልጅ ለመናገር የምትፈራው ከሁሉ በፊት ወላጆቿን ነው። «ምን ልታደርጊ እዚያ ሄድሽ?» ትባላለች ብላ ነው። ከመሄዷ በፊት አንድ ቃል ንገሯት። «ምንም ቢደርስብሽ፣ ከእኔ ዘንድ ነይ፤ አልቆጣሽም» በሏት። ይህ ቃል ስንቅ ነው።

ስምንተኛው ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጋፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ተቋማቱ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንዲያስቡላቸው ያዛል። ዓይኑ የማያይ ልጅ በጣቱ እየዳሰሰ የሚያነበው ብሬል የሚባል ጽሕፈት አለ። ፈተና ሲሆንም አንባቢ ይመደብለታል። ደረጃ መውጣት የማይችል ልጅ ምድር ቤት መኝታ እንዲሰጠው ይጠይቅ። «ልጄ ማየት አይችልም፣ እንዴት ይማራል?» ብላችሁ ቤት አታስቀሩት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መጣን። እንበልና አባት ታመመ። ወይም ልጁ ራሱ ታመመ። መማር አልቻለም፤ ወደ ቤት መመለስ አለበት። ብዙ ልጅ ዕድሉን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ዝም ብሎ ከወጣ ትምህርቱን እንደተወ ይቆጠራል። ፈተናዎቹም በዜሮ ይያዙበታል። ኋላ ልመለስ ቢል መንገዱ ጠባብ ነው።

ትክክለኛው አወጣጥ እንዲህ ነው። ሬጅስትራር የሚባል ጽሕፈት ቤት አለ። የተማሪውን ስምና ውጤት የሚመዘግብ ነው። ልጁ ወደዚያ ሄዶ ለጊዜው ማቋረጥ እንደሚፈልግ በጽሑፍ ያመለክታል። ተማሪዎቹ «ዊዝድሮዋል» ይሉታል። የሐኪም ማስረጃ ወይም ሌላ ማስረጃ ያያይዛል። የመጻሕፍት ቤቱን መጽሐፍና የመኝታ ቤቱን ዕቃ ይመልሳል። የተፈረመለትን ወረቀት ይዞ ይወጣል። ሲሻለው በዚያ ወረቀት እንደገና ለመግባት ያመለክታል። የጊዜ ገደብ ስላለው ቀኑን ሬጅስትራሩን ጠይቆ ይጻፍ። አንድ ወረቀት የአንድን ልጅ ዕድል ያድናል። እንግዲህ ልጃችሁ በድንገት ቢመጣ፣ ከሁሉ በፊት «ወረቀቱን አስፈርመሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። አላስፈረምሁም ካለ፣ ሳይውል ሳያድር መልሳችሁ ላኩት።

ስለ ገንዘቡም እናንሣ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባል ሥርዓት አለ። ተማሪው ሲማር የመኝታውንና የምግቡን ዋጋ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ኋላ እንደሚከፍል ውል ይፈርማል። የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። አንዳንድ ወላጅ «ዕዳው መሬቴን ይወስድብኛል» ብሎ ይሠጋል። ውሉን የሚፈርመው ተማሪው ነው፤ ክፍያውም ከሱ ገቢ ላይ ነው። ስለዚህ ውሉን ፈርቶ ልጁን ማስቀረት አይገባም። ነገር ግን ልጁ የፈረመውን ወረቀት ቅጂ ይያዝ። ያልገባውንም ሳይጠይቅ አይፈርም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የወላጅ ሥራ ምንድን ነው? ቢሮዎቹ ወደ ልጁ አይመጡም፤ ልጁ ነው ወደ እነሱ የሚሄደው። እንዲሄድ ድፍረት የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። በአዝመራ ሰዓት «ና እርዳኝ» ብላችሁ ከትምህርቱ አትጥሩት። ፈተና መቼ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መንገዱ ደህና መሆኑን ሳታጣሩ አታሳፍሩት። ስልክ ሲቋረጥ ደግሞ በማን በኩል እንደምትጠያየቁ ከመሄዱ በፊት ተነጋገሩ።

አሁን ደብተራችሁን ክፈቱ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ እናቶችና አባቶች መጀመሪያ የጻፉት ስማቸውን ነበር። እናንተ ደግሞ የልጃችሁን ስም ጻፉ። ከሥሩ እነዚህን አምስት ነገሮች ጨምሩ።

1. የዩኒቨርሲቲው ስምና የሚማረው ትምህርት።
2. የመታወቂያ ቁጥሩ።
3. የብሎኩና የክፍሉ ቁጥር።
4. የአንድ የመኝታ ጓደኛው ስምና ስልክ።
5. የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ስልክ።

ያልያዛችሁትን ልጁ ሲደውል ጠይቁትና ሙሉት። ወረቀቱን እንደ ግብር ደረሰኝ አስቀምጡት። ክፉ ቀን ቢመጣ «ልጄ እዚያ አገር ይማራል» ከማለት፣ «ልጄ በዚህ ብሎክ፣ በዚህ ክፍል ነው» ማለት ይሻላል። ሠራተኛው ቶሎ ያገኘዋል።

ለመወያያ እነዚህን ጥያቄዎች ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው። ልጃችሁ «ደህና ነኝ» ሲል፣ ቀጥላችሁ ምን ትጠይቁታላችሁ? ሴት ልጃችሁ ከመሄዷ በፊት ምን ትነግሯታላችሁ? ከመንደራችሁ ትምህርቱን ጥሎ የመጣ ልጅ አለ ወይ? ካለ፣ ወረቀቱን እንዲያጣራ ማን ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሸኘው?

ውድ አድማጮች፣ ሳምንት በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ። ልጆቻችሁን በደህና ያስመርቅላችሁ።